የጎረቤት ውሻ ሲታመም

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል። ውሻ የሚያገለግለው ያበላውን ቤት ነው ማለት ነው። ሕመሙን ግን አጥር አያግደውም። በአንዱ ግቢ የጀመረ እከክ ወይም ቁንጫ ጥቂት ቆይቶ በሌላው ግቢ ይታያል፤ ከሁሉም የሚከፋው የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ከውሻ አልፎ ሰውን ይገድላል። ስለዚህ የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ፣ ውሻ ያላቸው ጎረቤታሞች በውሾቻቸው ሕመም ጊዜ እንዴት ሊረዳዱ እንደሚችሉና እርዳታው በእውቀት ካልተመራ ምን ጉዳት እንደሚያስከትል ማስረዳት ነው።

ወደዚህ ጥናት የመራን በምንኖርበት ሰፈር የደረሰ አንድ ነገር ነው። ቡቺ የሚባል የአንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ውሻ መብላት ተወ፤ መንጋጋው ተንጠልጥሎ ለሃጩ ይወርድ ጀመር። ባለቤቲቱ አጥንት የተሰነቀረበት መስሏቸው አፉን በጨርቅ ጠረጉለት። ጎረቤትም እንደ ልማዱ ተሰበሰበ፤ አንዱ ውሻውን ያዘላቸው፤ እሳቸው አጥንቱን ለማውጣት እጃቸውን ሊከቱ ሲሉ፣ ሁለት ውሾች ያሉት ሌላው ጎረቤት «እማማ ይተዉ! እጅዎን አያስገቡ» ብሎ አስቆማቸው። ውሻው በሰንሰለት ታስሮ ለብቻው ተዘጋበት፤ በአራተኛውም ቀን ሞተ። ጭንቅላቱ ሲመረመር የእብድ ውሻ በሽታ መሆኑ ታወቀ። ለሃጩ የነካቸው ሁለቱ ሰዎች ግን በዚያው ቀን ክትባት ጀምረው ስለ ነበር ዳኑ። ከዚህ የምንማረው፣ ለመርዳት የተዘረጋው እጅ ራሱ ለአደጋ ተጋልጦ እንደ ነበረና ያዳነውም ውሻ የሚያሳድግ የአንድ ጎረቤት ቃል እንደ ሆነ ነው።

ሀ. በሽታው እንዴት ይሠራል?

የበሽታው ምክንያት በታመመው እንስሳ ለሃጭ ውስጥ የሚገኝ ቫይረስ ነው። በንክሻ ወይም በተጫረ ቆዳ በኩል ገብቶ የነርቭን መንገድ በመከተል ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው ብዙውን ጊዜ ሳምንታት ወይም ወራት ይወስዳል፤ ክትባት ሊያድን የሚችለውም በዚህ መካከል ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን ሞት የማይቀር ነው ለማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚገመት ሰው በዚህ በሽታ ይሞታል፤ ለሰው የሚያስተላልፈውም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ውሻ ነው።

ሉዊ ፓስተር በውሻ የተነከሰውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ዮሴፍ ሚስተርን የከተበው እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1885 ነበር። በአዲስ አበባም በፓስተር ስም የተጠራ ተቋም ነበረ፤ ሰፈሩ እስከ ዛሬ «ፓስተር» ይባላል።

ለ. የጎረቤት ድርሻ

የመጀመሪያው ማየት ነው። ያበደ ውሻ ሁሉ ተናካሽ ነው ማለት ስሕተት ነው። ተጫዋቹ ውሻ ጥግ ይዞ ይተኛል፤ ዝምተኛው ይቆጣል፤ ድምፁ ይለወጣል፤ እንጨትና ድንጋይ ያኝካል፤ መዋጥም ያቅተዋል። ባለቤቱ ቀኑን ሥራ ላይ ሲውል እንዲህ ያለውን ለውጥ አስቀድሞ የሚያየው ብዙ ጊዜ ጎረቤት ነው።

ሁለተኛው መናገር ነው። ይህ ከሁሉ ይከብዳል። «ውሻህ የታመመ ይመስላል» ማለት ነገር መፈለግ እንዳይመስል የሚፈራ ብዙ ነው። ባለቤቱም ውሻው እንዳይገደልበት ወይም ካሳ እንዳይጠየቅ ፈርቶ ንክሻውን ይደብቃል። በዚህ መደባበቅ የሚጎዳው የተነከሰው ልጅ ነው። ስለዚህ ጎረቤቱ ነገሩን የሚያነሣው ለክስ ሳይሆን ለእርዳታ መሆኑን አስቀድሞ ቢገልጽ መልካም ነው።

ሦስተኛው በጥንቃቄ ማሰር ነው። የነከሰው ውሻ ጤነኛ ቢመስል ወዲያው መግደል ሳይሆን፣ ለብቻው ታስሮ 10 ቀን መጠበቅ አለበት። በንክሻው ጊዜ በሽታውን ማስተላለፍ የሚችል ውሻ ቢሆን ኖሮ በእነዚህ ቀኖች ውስጥ ይታመማል ወይም ይሞታል። የተነከሰው ሰው ግን 10 ቀን አይጠብቅም። ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ውሻው በደኅና ከሰነበተ ክትባቱን ማቋረጥ የሐኪሙ ውሳኔ ነው።

ሐ. ሌሎች ሕመሞች

ቡችሎችን የሚፈጀው ፓርቮ የተባለው በሽታ በትውከትና ደም በቀላቀለ ተቅማጥ ይታወቃል። ቫይረሱ በአፈር ላይ ወራት ስለሚቆይ፣ የታመመ ቡችላ ጠይቆ የተመለሰ ሰው በጫማው ወደ ራሱ ግቢ ሊያመጣው ይችላል። ጫማን አጥቦ በውሃ በቀጠነ በረኪና መጥረግ ይህን አደጋ ይቀንሳል።

በበዓል ቀን ደግሞ በግ ወይም በሬ ሲታረድ ውሃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ለሰፈር ውሻ ይጣላል። እንደ ደግነት የሚቆጠር ልማድ ነው። ነገር ግን በዚያ ቋጠሮ ውስጥ ያለው በውሻ አንጀት ትል ይሆናል፤ እንቁላሉም ከዐይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ፣ ውሻውን ዳስሶ እጁን ሳይታጠብ ወደሚበላ ልጅ ይደርሳል። በልጁም ጉበት ወይም ሳንባ ያንኑ ቋጠሮ ያበጃል። የተበላሸውን ሥጋ ማቃጠል ወይም አርቆ መቅበር ለጎረቤት ውሻም ለልጁም የሚደረግ እርዳታ ነው።

መ. በኅብረት ማስከተብ

ከአንድ አካባቢ ውሾች ከመቶ 70 የሚሆኑት ከተከተቡ የእብድ ውሻ በሽታ መተላለፉ ይቋረጣል። ይህ ቁጥር በአንድ ባለቤት ትጋት አይገኝም። በእድር ቀብርን፣ በእቁብ ገንዘብን በኅብረት ማከናወን የለመደ ሰፈር ይህን ማድረግ አያቅተውም። አንድ ደብተር ይበቃል፤ የውሻው ስም፣ የባለቤቱ ቤትና የተከተበበት ቀን ይጻፍበታል። ቀኑ ሲደርስ የሚያስታውስ፣ አቅም ላጣውም የመጓጓዣውን የሚያዋጣ ይገኛል። ባለቤት የሌላቸውም ውሾች እንዳይረሱ ያስፈልጋል።

በመጨረሻ አንድ ነገር እንጨምር። ቡቺ በሞተ ማግሥት እማማ ከቤት አልወጡም ነበር፤ ለውሻ አዘኑ እንዳይባሉ አፍረው ነው። ያ ያስጠነቀቃቸው ጎረቤት ቡና እንዲፈላ አድርጎ ጠራቸው፤ ስለ ውሻውም አንሥቶ አጫወታቸው። እማማ በሚቀጥለው ወር ሌላ ቡችላ ሲያመጡ፣ አስቀድመው የጠየቁት ክትባቱ መቼ እንደ ሆነ ነበር።