ለፈረስ ድንኳን አይተከልም

ፈረስ የሞተበት ሰው ምክር ሲፈልግ ቶሎ የሚቀርብለት «ሐዘን አምስት ደረጃ አለው» የሚለው ወሬ ነው፤ ክህደት፣ ቁጣ፣ ድርድር፣ ድብርት፣ መቀበል። ይህ ወሬ ሊታረም ይገባል። የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ኤልሳቤት ኩብለር-ሮስ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተሙት መጽሐፍ ደረጃዎቹን ያወጡት ራሳቸው ሊሞቱ የተቃረቡ ሕሙማንን አነጋግረው ነው፤ ሐዘንተኞችን ተከታትለው አይደለም። ሐዘንተኛው ግን «ቁጣው ለምን አልመጣልኝም?» እያለ ራሱን እንደ ሰነፍ ተማሪ ይመዝናል።

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት የሚነሣ አንድ ባለጋሪ እናስብ። ዳማ ፈረሱ ከሞተ ሳምንት አልፎታል። እጁ ግን በጨለማ ጣሳ አንሥቶ ከጆንያው ፉርሽካ ይዝቃል። ጋጣው ባዶ መሆኑ ትዝ የሚለው ደጁ ላይ ሲደርስ ነው። ጎረቤት ቢያየው «አእምሮው ተነካ» ይላል።

አልተነካም።

ኖርዌይ ውስጥ በትሮንድሄም፣ በኋላ የኖቤል ተሸላሚ የሆኑት ሜይ-ብሪትና ኤድቫርድ ሞዘር ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ ጥናት አወጡ። አይጥ በምትዘዋወርበት ሜዳ ላይ ዕቃ ተቀመጠ፤ ከዚያ ተነሣ። አይጧ ዕቃው የነበረበት ቦታ በደረሰች ቁጥር አንዳንድ የአንጎሏ ሕዋሳት መንቃታቸውን ለቀናት ቀጠሉ። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ-ፍራንሲስ ኦኮነር ሐዘንንም በዚህ መንገድ ያዩታል። አንጎል የሚወደው ፍጡር የትና መቼ እንደሚገኝ ካርታ ይዟል፤ ሐዘን ያንን ካርታ እንደገና መማር ነው። ጥርሱ የተነቀለ ሰው ምላሱ ክፍተቱን እየዳሰሰ አይደል የሚከርመው? ከብትም መልካው በጎርፍ ከተናደ በኋላ በለመደው በኩል ይወርዳል።

የፈረስ ካርታ ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ማለዳ መኖ፣ ቀጥሎ ውኃ፣ ልጓም፣ ኮቴ ማየት፣ ማታ ማሰር። በደንብ የተያዘ ፈረስ 25 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊኖር ይችላል። በእነዚህ ዓመታት የተሰመረ መስመር በአንድ ሳምንት አይፋቅም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። የአይጧ ዕቃ ዕቃ ነው፤ ከእርሷ ጋር ፍቅር አልነበረውም። እነዚያ ሕዋሳት የሰውን ሐዘን ያመጣሉ ማለት ገና መላ ምት ነው። ሐዘንተኞችን በአንጎል ምስል የመረመሩት የነኦኮነር ጥናቶችም የሰውን እንጂ የፈረስን ሞት አልተመለከቱም።

የሚያጠራጥረው ሕመሙ አይደለም። ኬኔት ዶካ የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1989 ኅብረተሰቡ ቦታ ለማይሰጠው ሐዘን ስም አወጡለት። «ዕውቅና የተነፈገ ሐዘን» ብሎ መተርጎም ይቻላል፤ ግን አማርኛ የተሻለ አለው። ሐዘን በሆድ ነው፤ ለቅሶ ሰው ይደርሰዋል። ፈረስ ሲሞት ሐዘን አለ፣ ለቅሶ የለም። ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ባልቻ «አባ ነፍሶ» የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው፤ ጀግና ሲሞትም ፈረሱ ተሸልሞ ለቅሶው ላይ ይወጣ ነበር። ለፈረሱ ለራሱ ግን እድር ጡሩምባ አያስነፋም።

ማርጋሬት ስትሮቤና ሄንክ ሹት እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳስረዱት፣ ሐዘንተኛ ሟቹን በማሰብና ኑሮውን በማደስ መካከል መመላለሱ ጤናማ ነው። ስለዚህ ባለጋሪው ዛሬ ልጓሙን ይዞ ቢያለቅስ፣ ነገ የሌላ ሰው ጋሪ ቢነዳ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ቢያለቅስ ወደ ኋላ ተመለሰ አይባልም። አንባቢም «ሌላ ትገዛለህ» ከማለቱ በፊት ጎራ ብሎ የፈረሱን ስም ይጠይቀው።