ቆሻሻ ነው ከማለታችን በፊት

«ቆሻሻን ወደ ሀብት መለወጥ» የሚል ዜና ሁላችንም ሰምተናል። ከነዚህ ዜናዎች አንዱ የእርሻና የፋብሪካ ተረፈ ምርት ተጨምቆ የሚሠራው እንክብል ነዳጅ ወይም ፔሌት ነው። በዚህ ጽሑፍ ስለ አሠራሩ ካስረዳሁ በኋላ፣ ከዜናው ውስጥ ሁሌ የምትጎድል ስለምትመስለኝ አንዲት ጥያቄ አነሳለሁ።

ለመሆኑ ፔሌት ምንድን ነው?

ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ ሰጋቱራን በቆርቆሮ ምድጃ ጠቅጥቆ፣ መሀሉን ቀዳዳ ትቶ ማንደድ የቆየ ዘዴ ነው። ላላ ያለ ሰጋቱራ ቦግ ብሎ ያልቃል፤ የተጠቀጠቀው ግን ቀስ ብሎ ይነዳል። ፔሌትም ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የሚጠቀጥቀው ማሽን መሆኑ ነው።

መጀመሪያ ተረፈ ምርቱ እርጥበቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ እስኪደርስ ይደርቃል፤ ከዚያ ይፈጫል። ቀጥሎ ትናንሽ ቀዳዳዎች ባሉት ወፍራም ብረት ውስጥ በከፍተኛ ግፊት ያልፋል። ከፍትጊያው የሚመጣው ሙቀት በእንጨትና በገለባ ውስጥ ያለውን ሊግኒን የተባለ ንጥረ ነገር ያለሰልሰዋል፤ ሲቀዘቅዝ እንደ ሙጫ ያጣብቀዋል። ውፍረቱ ብዙ ጊዜ 6 ወይም 8 ሚሊ ሜትር ነው። ጥሩ የእንጨት ፔሌት በአንድ ሜትር ኩብ ከ600 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው፤ ልቅ ገለባ የጫነ መኪና ባብዛኛው የሚያጓጉዘው አየር ነው።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው?

አንደኛ፣ ማሽኑ መብራት ይበላል፣ ብረቱም ቶሎ ያልቃል። ሁለተኛ፣ ፔሌት በተራ የከሰል ምድጃ ላይ ቢደረግ ያጨሳል፤ አየር በደንብ የሚያስገባ የራሱ ምድጃ ይፈልጋል። ሦስተኛ፣ አመዱ እንደየዓይነቱ ይለያያል። የሩዝ ገለፈት ወደ 20 በመቶ የሚጠጋ አመድ ይተዋል። የቡና ገለፈት ደግሞ ፖታሲየም ስለሚበዛበት አመዱ ቀልጦ ምድጃው ላይ ሊጋገር ይችላል።

ትልቁ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ይህ «ቆሻሻ» የማን ነው?

የጤፍ ጭድ የከብት ቀለብ ነው፤ ከጭቃ ጋር ተቦክቶም ቤት ይመረግበታል። የአገዳ ባጋስ በወንጂና በመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች እዚያው ቦይለር ውስጥ ስለሚነድ ፔሌት መሆን አላስፈለገውም። የቡና ገለፈት እንኳ በሐረር ተፈልቶ ይጠጣል። ሆኖም ከጀንፈል ቡና ክብደት ግማሽ ያህሉ ገለፈት በመሆኑ፣ በመቀሸሪያዎች ደጃፍ ከሚፈለገው በላይ ይከመራል። ዝም ብሎ ሲበሰብስም አካባቢን ይበክላል። ለፔሌት የሚሆነው እንዲህ ያለው ነው፦ አንድ ቦታ ተከማችቶ የሚገኝ፣ ደረቅ፣ ፈላጊ ያጣ።

ከተሳካ ትርፉ ከማገዶ ያልፋል። ገበሬው ኩበት የሚያነደው እንጨት ስላጣ ነው። ሌላ ነዳጅ ካገኘ እበቱ ወደ ማሳው ይመለሳል፤ አፈሩም ይጠቀማል። በአንጻሩ ጭዱን ወስደን ፔሌት ብናደርግበት በሬው ምን ሊበላ ነው? «ከድጡ ወደ ማጡ» ይሉታል ይሄ ነው።

እንግዲህ ነገ ማይክራፎን ይዘን እንዲህ ያለ ፋብሪካ ምረቃ ላይ ስንገኝ ሪባን ተቆረጠ ብለን ብቻ አንመለስ። ጥሬ ዕቃው ከዚህ በፊት ለምን ይውል ነበር? ከስንት ኪሎ ሜትር ይመጣል? ምድጃውስ ገበያ ላይ አለ? ብለን እንጠይቅ። መልስ ካገኘን ያኔ ዜና ሆነ ማለት ነው።