«ፐርፐንዲኩላር»፦ ከፈትል እስከ ጂኦሜትሪ

በእኛ የሒሳብ መጻሕፍት ቀጤ ነክ የሚባለውን መስመር፣ ማለት በሌላው ላይ ቆሞ ግራና ቀኙን እኩል ማዕዘን የሚያደርገውን፣ እንግሊዞች «ፐርፐንዲኩላር» ይሉታል፤ ቃሉም ለጆሮ ረጅምና የሊቃውንት ብቻ ይምሰል እንጂ፣ ጥንተ ነገሩን ለሚመረምር ሰው የግንበኛ መሣሪያ ሆኖ ይገኛል። በላቲን ልሳን «ፐርፐንዲኩሉም» ግንበኛው የቅጥሩን መጉበጥና መቃናት ያውቅ ዘንድ በክር አስሮ ቁልቁል የሚለቀው እርሳስ፣ ይኸውም ነቢዩ አሞጽ በራእይ በጌታ እጅ ያየው ቱንቢ ነውና፤ ስሙ የወጣው ማንጠልጠልንና መመዘንን ከሚያመለክተው «ፔንዴሬ» ከሚለው ግስ ነው።

ስለዚህ መሣሪያ ከተጻፈው ሁሉ እጅግ የሚያስደንቀኝ፣ ሮማዊው የንግግር ሊቅ ሲሴሮ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ70 ዓመት በሮማዊው ሹም በቬሬስ ላይ በጻፈው ክስ የተረከው ነው። ቬሬስ በሮም የነበረውን የካስቶርን ቤተ ጣዖት ሊመረምር ገብቶ ሁሉን በደኅና ስላገኘው፣ ገንዘብ የሚያገኝበት ሰበብ አጣ፤ ከተከታዮቹ አንዱ ግን፣ ዐምዶቹ በቱንቢ ይለኩ ካላልህ በቀር እዚህ የምትሠራው የለህም ቢለው፣ ቱንቢ ምን እንደ ሆነ እንኳ የማያውቀው ሹም ነገሩን ጠየቀ፤ በቱንቢ ተለክቶ ፍጹም ቀጥ የሚል ዐምድ ከቶ አይገኝም ማለት ይቻላል ባሉት ጊዜም ይህንኑ ምክንያት ይዞ፣ ዐምዶቹን አስወርዶ በዚያው ድንጋይ መልሶ አስተከላቸው፤ ዕዳውም የቤተ ጣዖቱን የጥበቃ ውል ከሟች አባቱ በወረሰ ሕፃን ላይ ወደቀ። ለቅንነት የተሠራ ክር ለቅሚያ እንዲህ ማገልገሉ ያሳዝናል።

የቋንቋ ሊቁ ዊልያም ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1786 በካልካታ፣ ሳንስክሪት፣ ግሪክና ላቲን ከአንድ ምንጭ የፈለቁ መሆናቸውን ከተናገረ ወዲህ፣ ሊቃውንት አንዲት ጽሑፍ እንኳ ያልተወችውን ያችን እናት ቋንቋ የልጆቿን ድምፅ እያመሳከሩ ሲያቀኑ፣ ለ«ፔንዴሬ» የሰጡት ሥር «ስፔን» የሚል፣ ፍቺውም መሳብ፣ መወጠር፣ መፍተል ነው። እንግሊዝኛ መፍተልን «ስፒን»፣ ሸረሪትንም «ስፓይደር» የሚለው፣ ሊቱዌንያውያንም መጎንጎንን «ፒንቲ» የሚሉት ከዚሁ ሥር ነው፤ ክር ከመንጠልጠሉ አስቀድሞ ሊፈተል ይገባዋልና፣ ዝምድናው ለእኔ እንግዳ አይመስለኝም።

ይሁን እንጂ ቱንቢው ዘወትር ወደ ምድር ሲመለከት፣ በጂኦሜትሪ ግን መምህሩ መስመሩን በሰሌዳው ላይ አጋድሞ ቢያሰምረውም፣ ማዕዘኑ እስካልተዛነፈ ድረስ ስሙ አይለወጥም። ቀድሞ የነበረው ትርጉም የቀረው በሕንፃ ጥበብ ነው፤ ቶማስ ሪክማን እ.ኤ.አ. በ1817 የእንግሊዝን አብያተ ክርስቲያናት በየዘመናቸው ሲለይ፣ የመጨረሻውን የጎቲክ ስልት በመስኮቶቹ ሽቅብ ስለሚወጡት ቀጥ ያሉ ዘንጎች በዚሁ ቃል ጠራው፤ በኬምብሪጅ የሚገኘው የኪንግስ ኮሌጅ ጸሎት ቤትም የዚህ ስልት ነው።