በቤት ውስጥ የምንተነፍሰውን አየር ስለ መለወጥ

የኮሮና ቫይረስ በሀገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ ወዲህ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ርቀትን መጠበቅና የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ ሕፃን አዋቂው የሚያውቃቸው ምክሮች ሆነዋል። በቤት ውስጥ ስለምንተነፍሰው አየር የተነገረው ግን ጥቂት ነው። አንዱ ምክንያት አየር በዓይን የማይታይ መሆኑ ነው። ሌላው ደግሞ መስኮት መክፈት ከቆየ ልማዳችን ጋር ስለሚጋጭ ይመስለኛል።

በቫይረሱ የተያዘ ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲነጋገር፣ ሲዘምር፣ አልፎ ተርፎም ዝም ብሎ ሲተነፍስ የተለያየ መጠን ያላቸው ፍንጣቂዎች ከአፉና ከአፍንጫው ይወጣሉ። ትልልቆቹ ብዙ ሳይርቁ ወደ መሬት ይወርዳሉ። እጅግ ደቃቅ የሆኑት ግን ንፋስ በሌለበት ቤት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይንሳፈፋሉ። ይህን በዓይነ ኅሊና ለማየት የዕጣንን ጭስ ማሰብ ይበቃል። ዕጣን በሳሎኑ አንድ ጥግ ቢጨስ ጥቂት ቆይቶ ሽታው በሌላው ጥግ ለተቀመጠው ይደርሰዋል፤ መስኮቱ ከተዘጋ ከቤቱ ሳይወጣ ያመሻል። በግቢ ውስጥ ቢጨስ ግን ወዲያው ይበተናል። ደቃቅ የሆነው የትንፋሽ ፍንጣቂም መንገዱ ይኸው ነው።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። ሦስት ሜትር በአራት ሜትር የሆነች፣ የጣሪያዋ ቁመት ሁለት ሜትር ተኩል የሆነ አንዲት ክፍል 30,000 ሊትር አየር ትይዛለች። አንድ አዋቂ በእንቅልፍ ላይ ሳለ በደቂቃ 6 ሊትር ያህል አየር ይተነፍሳል። አምስት አዋቂዎች በዚህች ክፍል ለስምንት ሰዓት ቢተኙ በድምሩ 14,400 ሊትር ያህል አየር በሳንባቸው ያልፋል፤ ይህም የክፍሏን አየር ግማሽ ለመሙላት ጥቂት የሚጎድለው ነው። በርግጥ ፈጽሞ የታሸገ ቤት የለም፤ በበሩ ሥርና በቆርቆሮው ሥር አየር ይገባል። ሆኖም በር፣ መስኮትና ቀዳዳ ሁሉ በተደፈነበት ቤት አንዱ የተነፈሰውን ሌላው መልሶ እንደሚተነፍሰው ስሌቱ ያሳያል።

ቀዳዳው የሚደፈነውም በምክንያት ነው። «ብርድ መታኝ»፣ «ንፋስ ገባብኝ» እያልን አድገናል። አያቴ ማታ ማታ የመስኮቱን ክፍተት በጨርቅ ሳይወትፉ አይተኙም ነበር። የታመመ ሰውና አራስ ያለበት ቤት ደግሞ ከሌላው ጊዜ ይበልጥ ይዘጋል። ብርድ ሰውነትን ያስጨንቃል፤ ጨቅላ ሕፃንም ሙቀት ያስፈልገዋል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ነገር ግን ኮቪድ-19ንም ሆነ የሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣው ንፋስ አይደለም፤ ንፋስ ተሕዋስያኑን ከቤት ጠርጎ ያስወጣቸዋል። ስለዚህ ቤቱን ከመዝጋት ይልቅ ሰውየውን መሸፈን ይሻላል። ሕፃኑንና እናቱን ደርበው ያልብሱ፤ አልጋቸውን ንፋሱ በቀጥታ ከሚያልፍበት መስመር ያርቁ፤ ከዚያ በኋላ መስኮቱን ይክፈቱ።

አከፋፈቱም ብልሃት አለው። አየር የሚገባው መውጫ ሲኖረው ነውና አንድ መስኮት ብቻ ከመክፈት ይልቅ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት መስኮቶችን፣ ያ ከሌለ አንድ መስኮትና በሩን አብሮ መክፈት እጅግ የተሻለ ነው። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ከፍ ብሎ የተሠራ ትንሽ መስኮት ካለ አይዘጋ። ብርድ በሚበረታባቸው አካባቢዎች ቀኑን ሙሉ መክፈት ባይቻል እንኳ ጠዋት ከመኝታ ሲነሡ፣ እንግዳ ሲሸኙና ከመተኛትዎ በፊት በየጊዜው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ወለል አድርጎ መክፈት ብዙ ይጠቅማል። እንግዳው ሳይሄድ መክፈት ደግሞ ከዚያም ይሻላል። ቤትዎ አቧራማ መንገድ ዳር ከሆነ መኪና ሳይበዛ በማለዳ ይክፈቱ። ወባ ባለበት አካባቢ ከመሸ በኋላ የወንፊት ሽቦ በሌለው መስኮት ትንኝ ስለሚገባ አጎበር ሳይዘረጉ አይተኙ።

በድሬዳዋ፣ በሰመራና በመሳሰሉት ሞቃት ከተሞች በየቤቱ የሚገጠመው የተለመደው ማቀዝቀዣ ያንኑ የክፍሉን አየር እያዞረ የሚያቀዘቅዝ እንጂ አዲስ አየር ከውጭ የሚያስገባ አይደለም። እርሱ በርቶም ቢሆን መስኮቱን በየጊዜው መክፈት ያስፈልጋል።

ሌላው ጉዳይ ከሰል ነው። ቡና ከአቦል እስከ በረካ ሲጠጣ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ምድጃው መሐል ላይ ተቀምጦ፣ ዕጣኑ እየጨሰ። ቡናችንን እንተው የሚል ምክር የለኝም። በረንዳ ላይ ወይም በግቢ ጥላ ሥር ይፈላ፤ ዝናብ ቢያስገድድ እንኳ በሩና መስኮቱ ተከፍቶ ይሁን። ብዙዎች ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ሲጠፋ ጉዳቱም የጠፋ ይመስላቸዋል። እንዲያውም ቀለምም ሆነ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዛማ ጋዝ ከቀላው ፍም ይወጣል። ለሙቀት ብለው ከሰል አስገብተው፣ በር ዘግተው ተኝተው ሳይነሡ የቀሩ ቤተሰቦች አሉ። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማጥወልወል ከተሰማቸው ጉንፋን ወይም ኮሮና ነው ብለው አይጠብቁ፤ ሁሉም ፈጥነው ወደ ውጭ ይውጡ፤ ወደ ጤና ተቋምም ይሂዱ። ላቀችን የመሰሉ የተሻሻሉ ምድጃዎች ከሰል ይቆጥባሉ እንጂ ይህን ጋዝ አያስቀሩም።

ቤት በማጠን ቫይረሱ ይጠፋል የሚለው ወሬም መሠረት የለውም። የዕጣንም ሆነ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ አየሩን አያጸዳም፤ አስም ያለበትንና በሕመም የተዳከመን ሳንባ ግን ይቆጣል። በረኪናን ከሌላ የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር መቀላቀልም መርዛማ ጋዝ ስለሚፈጥር ፈጽሞ አይሞከር።

በቤት ውስጥ በኮቪድ-19 የታመመ ሰው ካለ ለብቻው ክፍል ይሰጠው፤ ወደ ውጭ የሚከፈተው መስኮት ክፍት፣ ወደ ሌላው ክፍል የሚያስገባው በር ዝግ ይሁን። መኖሪያው አንድ ክፍል ብቻ ከሆነ የታማሚው አልጋ ንፋሱ በሚወጣበት መስኮት አጠገብ ይደረግ፤ ይህም አየሩ በጤነኞቹ በኩል ገብቶ በታማሚው በኩል እንዲወጣ ነው። ንፋሱ በየት በኩል እንደሚሄድ ለማወቅ ቀጭን ክር በመስኮቱ ላይ አንጠልጥለው ወዴት እንደሚያዘነብል ይመልከቱ። አቅጣጫው ከተለወጠ የሌላውን ሰው መኝታ ያዛውሩ። በመሐል የሚጋረድ መጋረጃ ለገመና ይጠቅማል፤ አየርን ግን አያግድም። ስለዚህ ታማሚውም አስታማሚውም መሸፈኛ ያድርጉ። ጠያቂ ቢመጣ ከደጅ ሆኖ ይጠይቅ፤ ቅር እንዳይለው አስቀድሞ በስልክ መንገር ይበጃል።

ታማሚው ትንፋሽ ካጠረው፣ ደረቱን ከወጋው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ግራ የመጋባት ምልክት ካሳየ በቤት ማስታመሙ ይብቃ፤ በነፃ የስልክ መስመር 8335 ይደውሉ ወይም ሳይዘገዩ በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ተቋም ይውሰዱት። በሚጓዙበትም ጊዜ የመኪናውን መስኮት ክፍት ያድርጉ።