ሙቀት፣ መጠነ ሙቀት፣ ኃይልና ጉልበት፦ ስለ ፊዚክስ ቃላት አመዳደብ

በእንቅስቃሴና በሙቀት ትምህርት ውስጥ ተማሪው በመጀመሪያ የሚያገኛቸው ቃላት ሙቀት፣ ኃይል፣ ጉልበትና ሥራ ናቸው። እነዚህን ቃላት ከቤቱ ይዟቸው ይመጣል። ተርጓሚውን የሚያስቸግረውም ይኸው ነው፤ የዕለት ተዕለት ንግግር በአንድ ቃል የሚጠራውን ነገር ፊዚክስ ሁለትና ሦስት አድርጎ ይለየዋልና። በዚህ ጽሑፍ ሁለት የቃላት ቤተሰቦችን እንመረምራለን። ለፍርዳችን መሠረት የምናደርገው የመለኪያ አሃድን ነው፤ በተለያየ አሃድ የሚለኩ ሁለት ነገሮች በአንድ ቃል ሊጠሩ አይገባም።

የሚከተለውን ዐረፍተ ነገር እንመልከት፦ «ውሃ በሚፈላበት ጊዜ ሙቀት ቢጨመርለትም ሙቀቱ አይጨምርም።» ተማሪው ይህን ሲያነብ መጽሐፉ ተሳስቷል ይላል፤ አለዚያም ሳይገባው ይሸመድደዋል። ነገሩ ግን እውነት ነው። በባሕር ወለል ላይ 1 ኪሎግራም ውሃ ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ለማድረስ 335 ኪሎጁል ያህል ይበቃል። ያንኑ ውሃ ፈጽሞ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ደግሞ 2,257 ኪሎጁል ያህል ያስፈልጋል፤ ይህ ሁሉ ሲሰጠው ቴርሞሜትሩ ከ100 ንቅንቅ አይልም። የአየር ግፊቱ ዝቅ በሚልባት በአዲስ አበባም ውሃው በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል እንጂ ሕጉ ያው ነው። በጁል የሚለካውና በዲግሪ የሚለካው ሁለት ነገሮች ናቸው። ከከሰል ምድጃ የሚፈናጠር ብልጭታ ዲግሪው እጅግ ከፍተኛ ሲሆን፣ ለብ ያለ የጋን ውሃ ግን ሲቀዘቅዝ ከብልጭታው ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጁል ይለቃል።

ይህ ችግር የአማርኛ ብቻ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጆሴፍ ብላክ በ1760ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሁለቱን ለይቶ እስኪያስተምር ድረስ የአውሮፓ ሊቃውንትም ያደባልቋቸው ነበር።

ለዲግሪው «መጠነ ሙቀት» የሚለው ስያሜ በትምህርት ቤት መጻሕፍት ገብቷል። ሆኖም አንድ የሰዋስው ወጥመድ አለበት። በግእዝ የማናበብ ሥርዓት የተሠራው «መጠነ ሙቀት» በአማርኛ ሲፈታ «የሙቀት መጠን» ይሆናል፤ «የሙቀት መጠን» ደግሞ ቃል በቃል ሲወሰድ የሙቀት ብዛት ማለት ነው፤ ይኸውም በጁል የሚለካው ነው! ስለ አየር ጠባይ በሚነገርበት ጊዜ «የሙቀት መጠን 25 ዲግሪ» ቢባል ጉዳት የለውም፤ በፊዚክስ መጽሐፍ ውስጥ ግን ተማሪውን ወደ ስሕተት ይመራዋል። «የሙቀት ደረጃ» ቢባል ኖሮ ፍቺው ይበልጥ ግልጽ በሆነ ነበር፤ የውሃ ከፍታና የውሃ ብዛት እንደሚለያዩ ሁሉ ደረጃና ብዛትም በቀላሉ ይለያሉና። ይሁን እንጂ ሥር የሰደደውን ቃል መንቀል ሌላ ግራ መጋባት ስለሚያመጣ፣ «መጠነ ሙቀት»ን እንደ አንድ ቃል ይዞ፣ በመጀመሪያ ሲጠቀስ በ«ደረጃ» ማብራራትና «የሙቀት መጠን»ን ከፊዚክስ ጽሑፍ ማራቅ ይሻላል እንላለን።

ሁለተኛው ቤተሰብ ኃይል፣ ጉልበትና አቅም ነው። በሥነ ጽሑፋችን «በኃይልና በጉልበት» ብሎ ተመሳሳይ ቃላትን ማጣመር ውበት ነው፤ በፊዚክስ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ማደባለቅ ይሆናል። ሰው ግድግዳ ሲገፋ ቢውልና ግድግዳው ባይነቃነቅ፣ ኃይል አሳርፎበታል፤ ሥራ ግን አልሠራበትም፤ ጉልበትም አላሸጋገረለትም። እንደዚሁም 3 ኪሎዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ 2 ሰዓት ያለማቋረጥ ቢሠራ ቆጣሪው 6 ኪሎዋት ሰዓት ይመዘግባል። 3ቱ የአቅም፣ 6ቱ የጉልበት ልክ ነው፤ አንዱ ኪሎዋት ሰዓት 3,600,000 ጁል ነውና። ስለሆነም የሚከተለውን አመዳደብ እናቀርባለን፦

ኃይል፦ መግፋት ወይም መሳብ፤ አሃዱ ኒውተን።
ጉልበት፦ ሥራ የመሥራት ችሎታ፤ አሃዱ ጁል።
አቅም፦ በአንድ ሴኮንድ የሚሠራ ሥራ ልክ፤ አሃዱ ዋት።
ሙቀት፦ በመጠነ ሙቀት ልዩነት ምክንያት ከአካል ወደ አካል የሚተላለፍ ጉልበት፤ አሃዱ ጁል።
መጠነ ሙቀት፦ የአንድ አካል የሙቀት ደረጃ፤ አሃዱ ኬልቪን ወይም ዲግሪ ሴልሺየስ።

ይህ አመዳደብ ከልማድ ጋር የሚጋጭበት ቦታ አለ። «የፈረስ ጉልበት» በሜትሪክ ስሌት 735.5 ዋት ስለሆነ በእኛ አከፋፈል የአቅም አሃድ ነው፤ «የኤሌክትሪክ ኃይል»ም አብዛኛውን ጊዜ ጉልበትን ያመለክታል። እነዚህ የጸኑ ስሞች ስለሆኑ እንዳሉ ይቆዩ፤ ተርጓሚው ግን በኅዳግ ማስታወሻ ያመልክት። «አቅም» ለዋት ከተመደበ በኋላም አንድ አካል መጠነ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ከፍ እንዲል የሚሻውን ጁል «የሙቀት አቅም» ማለት አይገባም፤ «ሙቀት የመያዝ ችሎታ» ይበቃል።

በሌሎች ቋንቋዎችም ቃላቱ የረጉት ቀስ በቀስ ነው። እንግሊዛዊው ቶማስ ያንግ እ.ኤ.አ. በ1807 «ኢነርጂ»ን በሳይንሳዊ ፍቺ ቢጠቀምበትም፣ ሄልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1847 ስለ ጉልበት አለመጥፋት ያሳተመውን ድርሰት የሰየመው «ክራፍት» በሚለው የጀርመንኛ ቃል ነበር፤ ፍቺውም ኃይል ነው። አንባቢዎቹ ሊቃውንት ስለነበሩ ከስሌቱ ሐሳቡን ይረዱ ነበር። ለጀማሪ ተማሪ ግን ከቃሉ ሌላ መሪ የለውም። ስለዚህ ተርጓሚው ከላይ ያሉትን ስያሜዎች ባይቀበል እንኳ፣ የመረጠውን ቃል በመጽሐፉ መጀመሪያ ከነአሃዱ ይግለጽ፤ እስከ መጨረሻውም አይለውጠው።