በአምሳል የሚሰጥ ትምህርት፤ ስለ ሕሙማን ሕፃናት ማስታገሻ ሕክምና

የነርስነት ሞያ ተማሪ መርፌ መውጋትን፣ ቁስል ማጠብንና ትኩሳት መለካትን በሆስፒታል አልጋዎች መካከል እየተዘዋወረ ሊማር ይችላል፤ ከማይድን ደዌ ጋር የሚታገል ሕፃንን ማስታመምና ወላጆቹን ማጽናናት ግን፣ በዚያ የጭንቅ ሰዓት ለጀማሪ ስሕተት ስፍራ ስለማይገኝ፣ በሕሙሙ ላይ እየተሞከረ የሚለመድ ሥራ አይደለም። እውነተኛውን ሁናቴ በአምሳሉ አዘጋጅቶ የሚያስተምረው ሲሙሌሽን የተባለው ዘዴ ወደዚህ የትምህርት ክፍል የገባውም ስለዚህ ነው።

ዘዴው በመሠረቱ እንግዳ አይደለም፤ በአሜሪካ አገር በሃርትፎርድ ሆስፒታል የነበረው የነርሶች ትምህርት ቤት፣ ማርታ ቼዝ የተባለች አሻንጉሊት ሠሪ ያበጀችለትንና «ሚስስ ቼዝ» ተብላ የተጠራችውን፣ በሰው ቁመት ልክ የተሠራች አሻንጉሊት እ.ኤ.አ. በ1911 ለተማሪዎቹ መለማመጃ አድርጓት ነበር። ዛሬ በልምምድ ክፍል አልጋ ላይ የሚተኛው የሕፃን አምሳል ደረቱ ከፍ ዝቅ እያለ ይተነፍሳል፣ ያለቅሳል፣ የደም ሥሩም ትርታ በጣት ይዳሰሳል፤ አስተማሪው ከመስተዋት ማዶ ሆኖ ትንፋሹን ሲያፋጥንና ሲያዘገይ፣ እናትና አባት ሆነው የሚጫወቱት ሰዎች በአልጋው ዳር ተቀምጠው ተማሪይቱን «ልጃችን ይድናል ወይ?» ብለው ይጠይቋታል።

በዚያን ጊዜ ተማሪይቱ፣ ሞርፊኑ በሕፃኑ ክብደት ልክ ተሰልቶ መሰጠቱን እያረጋገጠች፣ የማይፈጸም ተስፋ ሳትሰጥና እውነቱንም በጭካኔ ሳትናገር፣ ወላጆቹ ስለ ደዌው የሚያውቁትን አስቀድሞ መጠየቅን፣ ታግሦም መስማትን ትለማመዳለች። ከዚያ በኋላ ተማሪዎቹ ተሰብስበው የሚያደርጉት ውይይት ከሁሉ ይልቅ ፍሬ የሚሰጥ ነው፤ እያንዳንዱ ያየውን፣ የተሰማውንና ያመለጠውን የሚናገረው በዚያ ነውና። ልምምዱ ልብን የሚነካ ስለሆነም አስተማሪው ሕፃኑ በልምምዱ የሚሞት ከሆነ ለተማሪዎቹ አስቀድሞ መንገር፣ በቅርቡ ሐዘን የደረሰበትን ከልምምዱ እንዲቀር መፍቀድ፣ ውይይቱንም ያለ ወቀሳ መምራት ይገባዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት የሕፃናትን ማስታገሻ ሕክምና ሲተረጉም፣ ሥጋን፣ አእምሮንና መንፈስን ባንድነት የሚጠብቅ፣ ደዌው ከታወቀበት ጊዜ የሚጀምር እንክብካቤ መሆኑን ይገልጻል፤ እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚሸከም ነርስ ሳይለማመድ ወደ ሕፃኑ አልጋ ሊላክ አይገባም። ውድ መሣሪያ ለመግዛት ዐቅም የሌለው ትምህርት ቤትም ቢሆን፣ ተራ አሻንጉሊት፣ አንድ አልጋና የእናትን ቦታ ይዞ የሚጠይቅ ሰው ካገኘ፣ የንግግሩንና የማጽናናቱን ልምምድ ዛሬውኑ ሊጀምር ይችላልና፣ የነርስ መምህራን ሁሉ ይህን ትምህርት በሥርዓተ ትምህርታቸው ውስጥ እንዲያስገቡት አደራ እንላለን።