ባሕርን ሳያዩ መናፈቅ

በመሥሪያ ቤታችን ግድግዳ ላይ አንድ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። ያሳተመው ድርጅት ምን እንደሚሸጥ ትዝ አይለንም፤ ሥዕሉን ግን ዓይናችንን ጨፍነን ልንነግራችሁ እንችላለን። ነጭ አሸዋ፥ ዘንበል ያለ ዘንባባ፥ ሰማያዊ ውሃ፥ ከውሃው ዳር ጀርባቸውን ለእኛ ሰጥተው የተቀመጡ ወንድና ሴት። ወሩ ካለፈ ቆይቷል፤ ሆኖም ቅጠሉን ደፍሮ የሚገለብጥ ሰው አልተገኘም። ከጓደኞቻችን አንዱ ደመወዝ በተቀበልን ማግሥት ሻዩን ይዞ ፊት ለፊቱ ይቆምና «እኔ ጫጉላዬን የማሳልፈው እዚህ ነው» ይላል። ሙሽራዪቱ ገና አልተገኘችም፤ ባሕሩም እንዲሁ።

ይህ ጓደኛችን የተወለደው ደጋ ነው። በልጅነቱ ያየው ትልቅ ውሃ ክረምት የሞላ ወንዝ ነበር፤ እሱንም ቢሆን ከሩቅ ሆኖ ነው ያየው። ታዲያ ይህ ናፍቆት ከወዴት መጣ? ቋንቋችን እንደሆነ ባሕርን አልነፈገንም። ጣናን ባሕር ብለን በዳርቻው ያለችውን ከተማ ባሕር ዳር ብለናታል፤ ውጭ አገር የሄደውንም ሰው፥ በአይሮፕላን ይሂድ በመኪና፥ ባሕር ማዶ ሄደ እንላለን። ታላላቆቻችን ስለ ምጽዋ ሲያወሩ ድምፃቸው እንደሚለሰልስ አይተናል። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ መንግሥት ከሆነች ወዲህ ለተወለድነው ግን ባሕር ማለት በወሬና በሥዕል የምናውቀው ነገር ነው። (ስለ ወደብ የሚነሣውን ክርክር ለሌሎች ትተናል፤ የቀን መቁጠሪያው ጥንዶች የጭነት መርከብ ሲጠብቁ አላየንም።)

ነገሩን ስንመረምር የገረመን፥ በባሕር አጠገብ የተወለዱትም ቢሆኑ ባሕር ዳርን ለፍቅርና ለመዝናኛ መውደድ የጀመሩት በቅርቡ መሆኑ ነው። የፈረንሳዩ የታሪክ ሊቅ አላን ኮርባን በ1988 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን በሰፊው አትቶታል። (ስለ አውሮፓ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) እስከ 18ኛው ምዕት ዓመት ድረስ ለብዙዎቹ አውሮፓውያን ባሕር የጥፋት ውሃ ቅሬታ፥ የሌዋታን ማደሪያ፥ የባሕር ወንበዴና የወረርሽኝ መምጫ ነበር። በዮሐንስ ራእይም አዲሲቱ ምድር ባሕር የሌለባት ሆና እንደምትታይ መጽሐፍ የሚያነብ ሁሉ ያውቃል።

በእንግሊዝ አገር ደቡብ ጠረፍ ያለችውን ብራይተንን እንውሰድ። ያን ጊዜ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ነበረች። በ1703 እና በ1705 የተነሡት ማዕበሎች በውሃው ዳር የነበረውን የታችኛውን ሰፈር አፈራረሱት። ከዚያ ማዕበል የተረፈ ሰው፥ አንድ መንገደኛ መጥቶ ባሕሩን ተቀምጦ ሲያደንቅ ቢያገኘው ኖሮ፥ ወደ ዘመዶቹ መልሶ በላከው ነበር።

ነገሩን የለወጠው ሐኪም ነው። ሪቻርድ ራስል የሚባል ዶክተር በ1750 የባሕር ውሃ ለዕጢ በሽታ ስለሚሰጠው ጥቅም በላቲን ቋንቋ አንድ ጽሑፍ አወጣ፤ ጥቂት ቆይቶም ብራይተን ላይ ከባሕሩ አጠገብ ቤት ሠርቶ በሽተኞቹን መቀበል ጀመረ። ትእዛዙ ሁለት ነው፤ በውሃው መጠመቅና ውሃውን መጠጣት። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ስንሰማ ምንም አይገርመንም። ጠበል ነው እንላለን፤ ልዩነቱ ታቦትና ካህን አለመኖሩ ብቻ ነው። በሽተኛው በፈረስ በሚጎተት ባለ መንኮራኩር የእንጨት ጎጆ ውስጥ ልብሱን እየለወጠ ወደ ውሃው ይወሰዳል፤ እዚያም ክንደ ብርቱ ሴቶች ይዘው ወደ ማዕበሉ ይደፍቁታል። ከእነዚህ አንዷ ማርታ ጋን በ1815 እስክትሞት ድረስ በአገሩ ሁሉ የታወቀች ነበረች። እንግዲህ ዛሬ ፍቅረኞች እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚሄዱበት ዳርቻ ሲጀመር ሳል የሚሰማበት፥ ጨው ውሃ በብርጭቆ የሚጨለጥበት ቦታ ነበር ማለት ነው።

በሽተኛውን ጤነኛው ተከተለው። በ1783 አልጋ ወራሹ፥ በኋላ ንጉሥ ጆርጅ 4ኛ የተባለው፥ ወደ ብራይተን መጣ፤ ልዑል ከመጣ ደግሞ መኳንንቱ፥ ልብስ ሰፊው፥ ቁማርተኛውም መምጣቱ አይቀርም። በ1841 ከሎንዶን የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ፤ ያን ጊዜ ጸሐፊውና ሱቅ ጠባቂውም ለአንድ ቀን ባሕር አይቶ ማታ ቤቱ መግባት ቻለ። በ1801 ሕዝቧ 7 ሺህ ያህል የነበረው ከተማ በምዕት ዓመቱ አጋማሽ ከ60 ሺህ በላይ ሆነ። ልብ በሉ፤ የብራይተን ዳርቻ ነጭ አሸዋ የለውም። ጠጠር ነው። ጫማ አውልቆ የሚሄድበት ሰው እንደ እኛ አገር ተሳላሚ ካልጸና በስተቀር እያነከሰ ነው የሚመለሰው።

እኛን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የነካን የአንድ ሠዓሊ ታሪክ ነው። ጆን ኮንስታብል የገጠር ሠዓሊ ነበር፤ የሚወደው ወንዝ፥ የወፍጮ ቤትና የዛፍ ጥላ ነው። በ1824 ሚስቱን ማሪያን የሳምባ ነቀርሳ ስለያዛት አየሩ ይሻላታል ተብሎ ወደ ብራይተን ወሰዳት። ከተማዪቱን አልወደዳትም፤ ሁካታዋና ለታይታ የሚርመሰመሰው ሰው አስጠላው። ነገር ግን ከቤቱ እየወጣ በትናንሽ ወረቀት ላይ ባሕሩን ይሥል ጀመር። ከእነዚያ ሥዕሎች አንዱ ዛሬ በሎንዶን የሮያል አካዳሚ ንብረት ነው፤ በባሕሩ ላይ ዝናም ሲወርድ ያሳያል። ዘንባባ የለ፥ ጥንዶች የሉ፤ ከላይ ጥቁር ደመና፥ ከደመናው እንደ ተቀደደ መጋረጃ የሚወርድ ዝናም፥ ከታች ቀጭን ውሃ። ማሪያ በ1828 ሰባት ልጆች ትታ ሞተች። ይህን ሥዕል በቀን መቁጠሪያ ላይ የሚያትመው ነጋዴ የሚገኝ አይመስለንም። እኛ ግን ስለ ባሕር ፍቅር ከተሠሩት ሁሉ እውነተኛው ይህ ነው እንላለን፤ ሰውየው ባሕሩን ያየው ሚስቱን ሊያድንለት ይችል እንደሆነ እየጠየቀ ነውና።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ስለ ዓመት ፈቃድ ነው። ፈረንሳይ በ1936 ለሠራተኛ ሁሉ ደመወዝ የሚከፈልበት የሁለት ሳምንት ዕረፍት በሕግ ስትሰጥ ሕዝቡ ወደ ባሕር ጎረፈ። ኋላም አይሮፕላን ረከሰና እንግሊዙ ፀሐይ ፍለጋ ወደ እስፓኝ መሄድ ጀመረ። በብራይተን በ1866 የተከፈተው የምዕራቡ የመዝናኛ ድልድይ በ1975 ተዘግቶ በ2003 ተቃጠለ፤ የብረት አጥንቱ እስካሁን ከባሕሩ ውስጥ ቆሞ ይታያል። ጎብኚዎች አሁን የሚያነሡት እሱን ነው።

ባሕር መውደድ የተማርነው ነገር ከሆነ ሁሉም ውሸት ነው ማለት ግን አይደለም። ከባሕር ዳር የሚመጣውን ያን ሽታ የድሮ ሐኪሞች ኦዞን ነው፥ ለሳምባ ይበጃል ይሉ ነበር፤ ዛሬ አብዛኛው ከባሕር ውስጥ ረቂቃን ዕፅዋት የሚወጣ የድኝ ጋዝ መሆኑ ታውቋል። ወሰን የለውም የምንለው ውሃም ወሰን አለው፤ ከውሃው ጫፍ የቆመ ሰው የሚያየው ከ5 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ከእንጦጦ ላይ ሰማዩ የጠራ ቀን ዝቋላን እናያለን፤ ያ ከዚህ ስንት እጥፍ ነው! ሆኖም እንጦጦ ላይ ቆመን የምናየው የሰው እርሻ፥ የሰው ቤት፥ የሰው አጥር ነው። በባሕሩ ላይ የማንም ስም አልተጻፈበትም። ወጣት ሰው፥ በተለይ ደብዳቤ ሲያረቅና ማኅተም ሲያስመታ የሚውል ወጣት፥ ይህን ቢናፍቅ አንፈርድበትም።

እኛም አንድ ጊዜ ዕድሉ ገጥሞን በባቡር ጂቡቲ ወርደን ባሕርን አየነው። ጫማችንን አውልቀን ገባን፤ ማንም ሳያየን ውሃውንም ቀመስነው። ያስተናገዱን ሽማግሌ እዚያው ተወልደው ያደጉ ናቸው። ማታ ሻይ ቤት ስንቀመጥ እኛ ወንበራችንን ወደ ባሕሩ አዞርን፤ እሳቸው ጀርባቸውን ለባሕሩ፥ ፊታቸውን ለመንገዱ ሰጡ። ለምን ብለን ብንጠይቃቸው «በመንገዱ ሰው ያልፋል፤ በዚያ በኩል ምን አለ?» አሉን። ጥቂት ዝም ብለው ደግሞ በእጃቸው ወደ ሰሜን አመለከቱና «ልጆቻችሁ የሚሳፈሩት በዚያ ነው» አሉ።

ኦቦክን ማለታቸው ነበር። በየዓመቱ ብዙ የአገራችን ወጣቶች፥ አብዛኞቹ የእኛ እኩዮች፥ በእግር በረሃውን አቋርጠው ወደዚያ ጠረፍ ይደርሳሉ። ባሕርን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩት እዚያ ነው፤ ያውም በሌሊት፥ በተጣበበች ጀልባ ላይ ሆነው፥ ወደ የመን ሊሻገሩ ሲሉ። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ከ150 በላይ ሰዎች የጫነች ጀልባ በየመን አቢያን ጠረፍ ሰጥማ ብዙዎች ሞተዋል፤ የተሳፈሩትም አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከእነሱም መካከል ግድግዳው ላይ ዘንባባና ነጭ አሸዋ የሰቀለ አይጠፋም።

ከጂቡቲ ስንመለስ እናታችን የጠየቀችን ነገር ቢኖር «እውነት ጨው ነው?» የሚል ነበርና በፕላስቲክ ጠርሙስ ባሕሩን ቀድተን አመጣንላት። ቀምሳ ተፋችውና እስኪበቃት ሳቀች። ጎረቤታችን እማማ ያን ቀን ቡና ሊጠጡ መጥተው ነበር። ልጃቸው በኦቦክ በኩል ከሄደ ዓመት አልፎታል፤ ስልኩ አይሠራም። ጠርሙሱን ተቀብለው ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው አዩት። ክዳኑን ከፍተው አሸተቱት፤ አልቀመሱትም። ከዚያም ክዳኑን ጠበቅ አድርገው ዘግተው «እኔ ዘንድ ይቀመጥ፥ ልጄ» አሉን። ሰጠናቸው።